ያለ አፈር የበቀለ ጎመን

በሰፈራችን ስለ ጤናዬ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከጎመኗ ይጀምራል። እኔ ከእግሯ ነው የምጀምረው። እግሯ ባይሰበር ጎመኑ አይኖርም፣ ክሩ አይኖርም፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችንን ለሁለት ሊሰነጥቅ የደረሰው ጠብም አይነሳም ነበር። እኔም ይኸን ለመጻፍ አልገደድም ነበር። አበባው እባላለሁ፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እጄ የለመደው መፍቻ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ግን ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት እኔ፣ ያበላሸሁትም እኔ ስለሆንሁ፣ ሌላ ሰው አሳምሮ እንዲያወራው አልፈልግም።

ጤናዬ ትውልዷ አምበር ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችው በሰባዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጥራ ሃያ ሁለት ዓመት የቤተ ሙከራ ጽዳት ሠራተኛ ሆነች። የመስታወት ዕቃ ታጥባለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ተማሪ የደፋውን ትጠርጋለች። ራሷ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጥረጊያዋን ተደግፋ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሰምታለች፤ መምህራኑ ይለዋወጣሉ፣ እሷ ግን እዚያው ናት። ስለዚህ ከማንም ጋር ስትከራከር "ይሞከር" ትላለች። ወጡ ጨው አንሶታል ብትላት እሺም እንቢም አትልህም፤ ትቀምሳለች፣ ጎረቤት ጠርታም ታስቀምሳለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትፈርድብህ። እንዲህ ያለች አስቸጋሪ ሴት ናት።

በዘጠና ስድስት ዓ.ም የዚያኑ ክፍል ወለል ስታጥብ ተንሸራታ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ስድስት ወር ተኝታ በምርኩዝ ስትመለስ በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀጥሯል። ያን ዕለት እኔም እዚያው ግቢ ነበርሁ፤ የሽንት ቤቱን ቧንቧ ልጠግን ሄጄ ነበር። ቢሮው በር ላይ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመችና፣ "አፈር ስሆን፣ ተቀምጨ የምሠራውም ቢሆን ሥራ ስጡኝ" ብላ ለመነች። ሦስት ጊዜ ደጋግማ አለች። ሰውየው ወረቀት እያገላበጠ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ከአፏ የሰማ ሰው የለም።

በእኛ አገር ይኸን ቃል ሳይናገሩ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ተቀምጦ "በቃኝ" ሲል ባለቤቱ "አፈር ስሆን፣ ትንሽ" ካላለው እንደተባረረ ይቆጥረዋል። ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ እስኪለመን ድረስ እጁን ሰብስቦ የሚቀመጥ ሰው ሞልቷል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ጤናዬ ቤት ግን ምግቡ ይቀርባል፣ "ብሉ" ትላለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የበላ በላ፣ ያልበላ ተርቦ ይሄዳል። ሰው መጀመሪያ ተቀየማት፣ ኋላ አመሏ ነው ብሎ ተዋት።

የምትኖረው ከእኔ ቤት በአንድ ግድግዳ በሚለይ የቀበሌ ቤት ነው። ጓሮው ሁለት አልጋ ቢዘረጋበት የሚሞላ፣ ዳር እስከ ዳር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ አንድ ጭብጥ አፈር የለውም። ውሃ በአራት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጄሪካን አይሸከምም። አትክልት የማይበቅልበት ቦታ ፈልጉ ብንባል ከዚያ የተሻለ አናገኝም ነበር።

በ2001 ዓ.ም ኅዳር ላይ አንድ ፕሮጀክት መጣና ለከተማ ሴቶች ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ አትክልት የሚያበቅል ዕቃ ማደል ጀመረ። ባለሙያው አንሙት የሚባል ቅን ሰው ነው። ዕቃው በየስንዝሩ የተበሳ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ችግኙ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል፣ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ደግሞ ከበርሜል በትንሽ ፓምፕ እየተገፋ በሥሮቹ መካከል ይዞራል። የሚያጠጣ ሰው አያስፈልገውም፤ ራሱን ያጠጣል። ስድስት ቤት የገጠምሁት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ንጹሕ ሥራ አልሠራሁም፤ አንድ ጠብታ አያፈስም። ጤናዬ ቤት ገጥሜ ስጨርስ ዕቃዬን መሰብሰብ ትቼ ቆሜ አየሁት።

እሷ ምርኩዟን ተደግፋ ዞራ ዞራ አየችውና መብራት ሲጠፋስ ብላ ጠየቀች። ያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። አንሙት ፓምፑ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል አላት። ጎመኑስ ይጠብቃል ወይ አለችው። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ሥራዬን የነካችብኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ ብሄድ ከቧንቧዬ ጎን ሦስት ሌላ ነገር ተደርድሯል። አንዱ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ክዳኑ በመርፌ ተበስቶ፣ አሸዋ በሞላ ጣሳ ላይ ተዘቅዝቆ ተተክሏል፣ ጠብ ጠብ እያለ እንዲያጠጣ። ሌላው ሰፊ ሳፋ ነው፤ በውሃው ላይ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ተንሳፍፏል፣ ሰላጣው በፎሙ ቀዳዳ ተሰክቶ ሥሩን ውሃው ውስጥ ለቋል። ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሳፍር ነበር። አሮጌ ጄሪካን ለሁለት ተቆርጧል፤ ታችኛው ውሃ ይዟል፣ ላይኛው ተገልብጦ በታጠበ አሸዋና በከሰል ስብርባሪ ተሞልቶ ጎመን ተተክሎበታል። በአፉ ቀዳዳ በኩል የፋኖስ ክር ወደ ታች ወርዶ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ምን ማለትሽ ነው አልኋት። ፋኖስ አይተህ አታውቅም ወይ አለችኝ፤ ጋዝ በክር ሽቅብ ከወጣ ውሃ የማይወጣበት ምክንያት የለም። የናይለን ገመድ ሞክራ አልሳበላትም፤ የጥጥ ክር ግን ራሱ ተክሉ በጠጣው ልክ እየሳበ ይሰጠዋል፣ አይበዛም አያንስም። አራቱንም እኩል ማዳበሪያ አጠጥታ ልትፈትናቸው ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ አራት ሰንጠረዥ አሰመረችና ስም ጻፈችባቸው፦ ቧንቧ፣ ጠርሙስ፣ ሳፋ፣ ክር። ሰው እጅ ሳይነካቸው ለቆሙበት ለእያንዳንዱ ቀን አንዲት መስመር ታሰምርላቸዋለች። ጠመኔውን ከትምህርት ቤት ነው ያመጣችው፤ ከሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት የተረፋት እሱ ብቻ ነው።

ጥር አጋማሽ ላይ አምበር ያለው ወንድሟ አረፈና ለቅሶ ልትሄድ ሆነ። አራቱንም ሞልታ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። በየቀኑ ገብቼ እንዳይና መስመር እንዳሰምር፣ አንድም ጠብታ እንዳልጨምር አስማለችኝ። ማልሁ። በሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ። በሦስተኛው ቀን የቧንቧዬ ሰላጣ አንገቱን ደፋ። አየሁ፣ ተቃጠልሁ፤ ከቤቴ አንድ ጣሳ ውሃ አምጥቼ በቀዳዳዎቹ አፈሰስሁበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለሰው አዝኜ አይደለም፣ ለቧንቧ አዝኜ ነው የማልሁትን ያፈረስሁት። በማግሥቱ ራሱን ችሎ እንደቆመ አስመስዬ አራተኛ መስመር አሰመርሁለት፤ በአምስተኛው ቀን ግን እንደ ገለባ ደረቀ። ጠርሙሶቹ ግማሾቹ ቀዳዳቸው ተደፍኖ ተክላቸውን በጥም ገደሉት፣ ግማሾቹ በአንድ ቀን ተንዠቅዥቀው አሰመጡት። ሳፋው ሰባት ቀን ኮርቶ ቆየ፤ ማንም ስላላማሰለው ግን ውሃው ታፍኖ ሸተተ፣ ሥሩ ቡናማ ሆነ። የጄሪካኑ ጎመን፣ ያ የሚያሳፍረው፣ በዘጠነኛው ቀን ቅጠሉን ዘርግቶ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት።

ጤናዬ ስትመለስ ማቋን ሳታወልቅ ጓሮ ገባች። ግድግዳውን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ ከዚያ አራተኛዋን የቧንቧ መስመር በአውራ ጣቷ አበሰችው። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። መብራት ላለው ሰው ያንተ ይሻላል፣ ሰላጣውም ቶሎ ይደርሳል ብላ ዳኘችኝ፤ ግን እኔ የምተክለው መብራት ላለው ሰው አይደለም አለች። የክሩንም ጉድለት አልደበቀችም። አሸዋው ላይ ነጭ ጨው ይጋግራል፣ ክሩ በሁለት ወር ይበሰብሳል፣ ትልቅ ጎመን በአንድ ክር አይጠግብም። በኋላ ሁለት ሁለት ክር እያደረገች አሥራ ሁለት ቀን አደረሰችው። ከዚያ በላይ ግን የያዘላት የለም።

አንሙት ይኸን ለሌሎቹ ሴቶች ተናገረ። አምስቱም ቧንቧዬን ነቅለው ጄሪካን ቆረጡ። አንዷ ቤት ያ ንጹሕ ሥራዬ የልብስ ማስጫ ሆኖ አየሁት፤ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ተሰቅሎበት ነበር። ሳቅሁ፣ ሰው ፊት ነበርኋ። ግን ቂም ቋጠርሁ፤ ዓመት ሙሉ ሳልፈታው ቆየሁ። ይኸን በግልጽ የምናገረው የቀረውን እንድትረዱልኝ ነው።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም የጤናዬ ጓሮ ሃያ ስድስት ጄሪካን ደርሶ ነበር። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ። ሰፈሩ ጠዋት ጠዋት ከደጇ ቆርጦ ይገዛል። ጥር ላይ ግን አዲስ የሚወጣው የጎመን ቅጠል ጫፉ እየተጨማደደ መቃጠል ጀመረ። አሰበች አሰበችና ካልሲየም ነው የራበው አለች። ከሃያ ሁለቱ ዓመት በአንዱ፣ አንድ መምህር የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ውስጥ ጨምሮ አረፋ እያስወጣ፣ ካልሲየሙ ይኸው ሟሟ ብሎ ለተማሪ አሳይቷል፤ እሷም ጠረጴዛውን ስትወለውል ሰምታለች። ቅርፊት ከየት ይምጣ? እኔ የዚያን ሳምንት የአንድ ኬክ ቤት ቧንቧ እሠራ ነበር። ጥር ሃያ ቀን፣ ከመጣያቸው አንድ ጆንያ የእንቁላል ቅርፊት ሞልቼ፣ በብስክሌቴ ጭኜ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ይኸን ልብ በሉልኝ።

ያን ዓመት ሁዳዴ የካቲት አንድ ሰኞ ገባ። በዚያው ዕለት እትዬ ወለተ ሥላሴ ወንፊት ሊዋሱ ጤናዬ ቤት ሄዱ። እትዬ ወለተ ሥላሴ የማኅበራችን ታላቅ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ከካህን ቤት የተወለዱ፣ በጾም ምራቃቸውን እንኳ ለመዋጥ የሚሳሱ ሴት። ክፉ አይደሉም። ገብተው ያዩት ግን ጤናዬ ከሙቀጫው ፊት ተቀምጣ፣ በሁዳዴ መግቢያ፣ የእንቁላል ቅርፊት ስትወቅጥ ነው። ቅርፊቱ ኩታ ሙሉ ነበር። ምንም ሳይናገሩ ወንፊቱንም ሳይወስዱ ወጡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ ሰማ። መጀመሪያ ጤናዬ በሁዳዴ እንቁላል ትበላለች ተባለ። አንዳንዱ ለጎመኗ ነው ብሎ ሲከላከል ነገሩ ባሰበት፤ እንግዲያው ጎመኗ እንቁላል የሚጠጣ የፍስክ ጎመን ነው ተባለ። እስከ ረቡዕ ከደጇ የሚቆርጥ ሰው ጠፋ። እኔን ባለቤቴ ጠየቀችኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ጠየቁኝ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነህና ታውቃለህ አሉኝ። በአፉ ውሃ እንደያዘ ሰው ዝም አልሁ። ጆንያው የኔ ነው፣ ቅርፊቱ የኬክ ቤት ነው፣ የመጣውም ጾሙ ሳይገባ ነው ማለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። አላልሁም። ክሯ እስቲ አሁን ያድናት እያልሁ ነበር፤ ውስጤ እንዲያ ይል ነበር።

ችግሩ ጎመን መሸጡ ላይ ቢቆም ኖሮ ጤናዬ ቻይ ናት። ግን የማኅበሩ ጽዋ እሷ ቤት ነበር። ጥር አሥራ ስድስት ተረክባዋለች፤ የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል የሚወድቀው በእሷ ተራ ነው። ይኸ ተራ ለብዙው ማኅበርተኛ በዕድሜው አንዴ ቢደርሰው ነው፤ ሃያ ሁለት ነን። ከሥራዋ ከተባረረች ወዲህ እንደ ሰው የምትቆጠርበት ቦታ ቢኖር ይኸ ማኅበር ነበር። ለበዓሉ ብላ ከመስከረም ጀምሮ ያሳደገቻቸው ስምንት ጄሪካን ጎመን ነበሩ።

እሑድ የካቲት አሥራ አራት ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰብን። የማኅበሩ ሙሴ እኔ ነኝ፤ መሪው ማለት ነው። እትዬ ወለተ ሥላሴ የውሃ ጎመን አልቀምስም አሉ፣ ብዙው ተከተላቸው። ተፈረደ፦ ወይ ጤናዬ አትክልቱን ሁሉ ከገበያ ገዝታ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ወይ ጽዋው ዛሬውኑ ከቤቷ ወጥቶ ለቀጣዩ ተራ፣ ለእትዬ ወለተ ሥላሴ ይሰጥ። ይኸን እንድነግራት የተላክሁት እኔው ሙሴው ነኝ።

ስገባ ጓሮ ነበረች፣ የበሰበሰ ክር እየቀየረች። ነገርኋት። ክሩን እያሰረች ሰማችኝ እንጂ ቀና አላለችም።

"የእነሱ ጎመን ፍግ ሲበላ ላሚቱ ጾመኛ ነበረች?" አለች።

 እኔ ግን ነገሩ በቀላሉ እንዲያልቅ ብዬ ሰው የሚመክረውን መከርኋት። አንድ ቃል ብቻ በያቸው፣ አፈር ስሆን ዘንድሮን እለፉኝ ብትያቸው ይበቃቸዋል አልኋት።

ያኔ ቀና አለች። "እሱን ቃል አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ። አንተም መፍቻህን ይዘህ ቆመህ ሰምተሃል። ሁለተኛ ተአፌ አይወጣም። ጽዋውም ተዚህ ቤት አይወጣም። ማክሰኞ ጎመኔን አቀርባለሁ፤ በልተው ይሂዱ፣ ወይ ሳይበሉ ይሂዱ፣ ጽዋውን ተዚያ በኋላ በሥርዓቱ አስረክባለሁ። እስተዚያ ሊነካው የሚመጣ በዚች ምርኩዝ ነው የምቀበለው።"

ይኸን ብላ ሥራዋን አልቀጠለችም። ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ሌላ የምትለኝ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልሁ። ጠመኔዋን አንስታ ከአራቱ ሰንጠረዥ ራቅ ብሎ፣ በሩ አጠገብ፣ አንዲት መስመር አሰመረች። የጎመን ሒሳብ መስሎኝ፣ የተጻፈውን ልብ ብዬ ሳላይ ወጣሁ።

ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እንደወጣን፣ ሁሉም መጣ። በኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ከማኅበር መቅረት ስለሚያሳፍር መጣ እንጂ ሊበላ አልመጣም። የማኅበሩ አባት መሪጌታ አካለ ወልድ ከላይ ተቀመጡ። ዲማ ቅኔ ተቀኝተው ኋላ የቀሰሱ፣ ንግግራቸው ሁልጊዜ ሁለት ትርጉም ያለው፣ የትኛውን እንዳሰቡ ለማወቅ እስከ ማታ የሚያብሰለስሉን ሰው ናቸው። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ገበታው ቀረበ፤ በሽሮው መካከል ጎመኑ አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሰላጣው በጎን፣ ቃሪያው በስንጥቅ።

"ብሉ" አለች ጤናዬ።

ሃያ አንድ ሰው እጁን ታጥቦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።  ሁሉም እስኪለመን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ቢለመን የሚበላው ማን እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ። መሪጌታ ጥቂት ጠበቁና በለሰለሰ ድምፅ እንግዳ እኮ ይለመናል ልጄ አሏት። ለእሷ አዝነው መውጫ ሊሰጧት ነበር።

ጤናዬ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። 

"ልማዱን አውቃለሁ አባቴ። አፈር ስሆን ብሉልኝ ይባላል። ይኸ ጎመን ግን አፈር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለ አፈር ነው የበቀለው። እኔም ለማንም አፈር አልሆንም። በእጄ ያበቀልሁት ነው፣ ጾምም አልሻረም። ብሉ ብያለሁ።"

ተመልሳ ተቀመጠች። መሪጌታ አቀርቅረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ እየሳቁ ነው። ዲማ ስንት ዓመት የተቀመጥሁበትን ቅኔ እዚህ ገበታ ላይ አገኘሁት፣ አፈሩ ሰምም ወርቅም ሆኖ ወጣ አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና እስቲ ቅኔው ይቆየን፣ የዚያን ሁሉ ቅርፊት እንቁላል የበላው ማን ነው ብለው ቤቱን በሙሉ ጠየቁ።

 ሁሉም ጤናዬን ሲያይ እሷ የምርኩዟን ጫፍ ታያለች። ያኔ ነው የገባኝ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ "አበባው ነው ያመጣልኝ" ብትል ነፃ ትወጣ ነበር፤ እኔ ተጠይቄ ልክድ አልችልም፣ እሷንም ማንም አይነካትም ነበር። አላለችም። ለእኔ ብላ እንዳይመስላችሁ። እኔንም ቢሆን አትለምንም፤ ያ ብቻ ነው። 

ተነሳሁ። "ቅርፊቱን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ጥር ሃያ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ከኬክ ቤት መጣያ፣ በጆንያ። ለጎመኑ ነው። ሁሉንም አውቅ ነበር" አልሁ።

እትዬ ወለተ ሥላሴ አፋቸውን ይዘው ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርህም አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰበብ አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን ሰበቡ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ።

"የሷ ክር የኔን ቧንቧ ስለበለጠው ነው" አልሁ።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ የማኅበር ሙሴ፣ በሰው ቤት መካከል ቆሜ ቧንቧ አልሁ። እትዬ ወለተ ሥላሴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ጤናዬን አዩ።  ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ከገበታው ቆረሱ፣ ጎመኑን በደንብ ጠቀለሉና ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። ቤቱ ሁሉ ጉንጫቸውን ያያል።

"ጨው አንሶታል" አሉ።

ጤናዬ ከገበታው ትንሽ ቆርሳ ቀመሰች። አጠገቧ ለነበረችውም ሴት አቀመሰች። አሰብ አድርጋ፣ "እውነትዎን ነው፣ አንሶታል" አለችና ጨው አስመጣች። ከዚያ በኋላ እጅ የሌለበት ገበታ አልነበረም። ስምንቱ ጄሪካን ጎመን አለቀ፤ ሳንለመን በላን። ማታ ላይ ጽዋው በዝማሬ ለእትዬ ወለተ ሥላሴ ተላለፈ፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ የቤቱንም መቃን ስመው ወጡ።

እኔ ሰው እስኪወጣ ቆየሁ። ይቅር በይኝ ልላት ነው፤ ቃሉን ስደረድር ነበር። ጤናዬ ሳትሰማኝ ወደ ጓሮ መራችኝ። የመጨረሻው የቀን ብርሃን ግድግዳው ላይ ነበር። አራቱ ሰንጠረዦች እንዳሉ ናቸው፦ ቧንቧ ሦስት፣ ጠርሙስ አምስት፣ ሳፋ ሰባት፣ ክር አሥራ ሁለት። በሩ አጠገብ፣ እሑድ ዕለት መስመር ስታሰምርበት ካየሁት ቦታ፣ አምስተኛ ሰንጠረዥ አለ። ከላዩ በዚያ በትልልቅ ፊደሏ "አበባው" ተብሎ ተጽፏል። መስመሮቹን ቆጠርሁ። ከየካቲት አንድ እስከ አሥራ አምስት፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ።

"ተሁሉም ብዙ ቀን ውሃ የያዝኸው አንተ ነህ" አለችኝ። "ክሩንም በለጥኸው።"

እጄ ሳላዝዘው መሐረቤን አወጣ። ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"ሙከራ አይጠፋም" አለችና ከእጄ መሐረቡን ወስዳ ምርኩዟን ወለወለችበት።